ሁለት ጊዜ የተነገረ መርዶ

ልጄ ስለ እኔ ለጓደኞቿ ስታወራ፣ «እማን ሰዓት ስንት ነው ብላችሁ እንዳትጠይቋት፤ የሰዓቱን ሻጭ፣ የሻጩን ሚስትና የሚስቲቱን የጥርስ ሕመም ሳትሰሙ አትለቃችሁም» ትላለች። በዕብራይስጥ ስለምትለው የበለጠ ያስቃል። እውነቷን ነው፤ ወሬ ስጀምር መንገድ ማሳጠር አልችልበትም። ይህንንም የእናቴን ነገር ከዩኒቨርሲቲው ነው የምጀምረው። የአክስቴን ሞት የሰማሁት እዚያ ቁጭ ብዬ ስለ እርጅና ስማር ነውና።

እኔ የትምህርት ቤት በር ረግጬ ያደግሁ ሰው አይደለሁም። በዚህ አገር አቆጣጠር በ1991 ከእናቴ፣ ከአባቴና ከወንድሜ ጋር በአውሮፕላን ተጭነን ወደ እስራኤል ስንመጣ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። የአማርኛውን ፊደል የለየሁት እዚሁ ቤር ሼቫ፣ ብቻዬን ነው። አንድ ዘመድ ያመጣውን የሕፃናት ገበታ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌ ሽንኩርት እየላጥኩ ሀ ሁ ስል ልጆቼ ይስቁብኝ ነበር። ዕብራይስጡን ደግሞ ከኡልፓን፣ ከአዲስ ገቢዎች የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ የተረፈኝን ያህል ይዤ፣ የቀረውን ከአውቶቡስ ላይ ጽሑፍና ከአረጋውያን የመድኃኒት ካርቶን ለቃቀምኩት።

የመድኃኒት ካርቶን ማለቴ ሥራዬ ስለሆነ ነው። ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለ የአረጋውያን መዋያ፣ መርካዝ ዮም በምንለው ቤት፣ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጠዋት ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን ከሚኒባሱ አወርዳለሁ፤ ቁርስ አቀርባለሁ፤ ገላ አጥባለሁ፤ የሐኪሙን ዕብራይስጥ ወደ አማርኛ፣ የእማማን አማርኛ ወደ ዕብራይስጥ እመልሳለሁ። ትግርኛ ብቻ የሚናገሩትን በእጄና በፊቴ አነጋግራለሁ። የመዋያው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አንድ ቀን ምሳ ስናነሳ፣ «ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስለ እርጅና የሚያስተምሩበት ክፍል አለ። ያለ ፈተና፣ ያለ ዲፕሎማ ገብተሽ መስማት ትችያለሽ፤ ሾማዓት ሆፍሺት ይሏታል» አለችኝ። ነፃ አድማጭ እንደ ማለት ነው።

«መስማት ከሆነ አውቅበታለሁ» አልኳት።

የትምህርቱ ስም ጌሮንቶሎጊያ ነው። መጀመሪያ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ቃሉን በአፌ እያገላበጥኩ፣ ስሙን ሳልችለው ወርጄ ገባሁ። ማታ ለእናቴ ነገርኳት።

«ምን ይማራሉ?» አለችኝ።

«ስለ እርጅና።»

«እርጅናን ደግሞ ምን ያስተምሩታል? ቁጭ ብለው ቢጠብቁት ራሱ ይመጣላቸው የለም?» ብላ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር፣ «ዛሬ ስንት ዓመት አረጀሽ?» እያለች ትቀበለኝ ነበር።

እናቴ የምትኖረው ከእኔ ሁለት ሕንጻ አልፎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከእኔ ጋር ነይ ብዬ ብለምናት፣ «የልጆችሽ ዕብራይስጥ ያደክመኛል» ብላ እምቢ አለች። ጎበዝ ሴት ነበረች፤ ቤቷን ራሷ ትጠርጋለች፣ ገበያ ራሷ ትወርዳለች። መርሳት የጀመራት መቼ እንደሆነ ለማንም አልታወቀም። እንዴት ይታወቅ? ሰው ስታገኝ ጉንጭ ለጉንጭ ትስማለች፣ እንዴት ነሽ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው ትላለች፤ ከዚያ ጨረሰች ስትሉ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። የኛ ሰላምታ ራሱ ረጅም ስለሆነ ሁሉም ሰው እንደ ፍቅር ነበር የሚቆጥርላት።

ክፍሉ ውስጥ ግማሹ ተማሪ የልጆቼ እኩያ ነው። መምህሯ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ራሷም ጡረታ ልትወጣ የደረሰች ሴት ነበረች። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሁለት ሥዕል ሣለች። አንደኛው ከታች ሰፊ፣ ከላይ ሹል ነው፤ ለእኔ የጎጆ ጣሪያ መሰለኝ። «ድሮ አገር ሁሉ እንዲህ ነበር፤ ታች ሕፃናቱ ብዙ፣ ላይ አረጋውያኑ ጥቂት» አለች። ሁለተኛው ከታች የጠበበ፣ ወደ ላይ እያበጠ የሚሄድ ነው፤ እሱን ደግሞ ጋን አልኩት በልቤ። «ወደዚህ ነው የምንሄደው። ይህን ከላይ ያለውን ማን ነው የሚሸከመው?» ብላ ጠየቀች።

ከኋላ አንዱ ጎረምሳ፣ «ፊሊፒናዊቷ አስታማሚ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሯም ሳቀች፤ ቀጥላ ግን፣ «እሷስ እናት የላትም? የእሷን እናት ማን ይዟታል?» አለችው። ልጁ ጆሮውን ማከክ ያዘ።

እኔ አክስቴን አሰብኩ። ሽማግሌ መያዝ በእኛ ቋንቋ መጦር ይባላል፤ ሰው ሲመረቅም ጧሪ ቀባሪ አትጪ ይባላል። አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ከእናቷ ልጆች የተረፈቻት እሷ ብቻ ናት። እኛ ወደ አዲስ አበባ ስንወርድ የባሏ እናት አልጋ ይዛ ነበርና፣ «እሷን ጥላችሁ ሂዱ አይባልም፤ ቀብሬያት እመጣለሁ» ብላ ቀረች። አሮጊቷ ግን ቶሎ አልሞተችም። አክስቴ ስታጥባት፣ ስታጎርሳት ዓመት በዓመት ላይ መጣ። ቀብራት ጎንደር ከተማ ገብታ ስትጠብቅ ደግሞ ወደ እስራኤል የሚያስገባው በር አንዴ ይከፈታል ይባላል፣ አንዴ ተዘጋ ይባላል። ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ትደውላለች። እናቴም ጓዳ ባለችው ትንሽ ክፍል አልጋ አንጥፋላት፣ አንሶላውን እያጠበች እየቀየረች፣ ማንም እንዳይተኛበት ትጠብቅ ነበር።

የዚያን ማክሰኞ ትምህርቱ ተጋምሶ ሳለ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ወንድሜ ነው። ኮሪደር ወጥቼ አነሳሁት። «አክስታችን አርፋለች። እናታችን አወቀች። ነይ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።

መርዶ በእኛ በቤተ እስራኤል ወግ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ቀኑን ሳይጀምር ይሄዳሉ፤ ቄስ ይዘው፣ ለቀስተኛዋን የምትደግፍ ሴት ይዘው ይሄዳሉ። በር ላይ ቆሞ፣ ብቻውን የሚናገር የለም። ወንድሜ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። ከጎንደር ሲደወልለት ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ማታ ፈረቃው ሊሄድ ነበር። ያሰበው እናቴን ለአፍታ ሊያያት፣ ከዚያ ዝም ብሎ ሽማግሌዎቹን ሊጠራ ነበር። እሷ ግን በሩን ከፈተችና ፊቱን አየች።

«ማን ነው?» አለችው።

«ማን ምን?»

«የሞተው።»

እሱም የሥራ ቦርሳው ትከሻው ላይ እንዳለ፣ «እህትሽ» አላት።

ከአውቶቡስ ስወርድ ድምፅዋ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። ሰባት ቀን ተቀመጥን። ከለሃቪም፣ ከአሽዶድ፣ ከየት የት ሰው መጣ፤ ደረጃው ላይ ጫማ ሞላ። እናቴ እህቷን በሙሾ እያነሳች፣ ከልጅነቷ ጀምራ አልቅሳ አስለቀሰች። በስምንተኛው ቀን ተነስታ ቤቷን ጠረገች። እኔም፣ በቃ፣ ያለቀው አለቀ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ወር ሳይሞላ አንድ ዓርብ ከሰዓት ድስት ላደርስላት ስገባ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«እህቴ ዛሬ ዘገየችብኝ» አለችኝ።

የናፍቆት አነጋገር መሰለኝ። ሐዘንተኛ እንዲህ ይላል። «እማ…» ብዬ ስጀምር፣ «እስቲ ይህን ስልክ እይልኝ፤ ተበላሽቶ እንዳይሆን» ብላ ሰጠችኝ።

ለወንድሜ ስነግረው ራሱን ያዘ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «እንደ ፖስታ ቤት ሰው በር ላይ ነግሬያት፣ እንዴት ይግባት?» ሽማግሌዎቹም ተሰብስበው ከእሱ ጋር ተስማሙ። «በወጉ ስላልተነገራት ነው፤ ደጅ ላይ ነው የቀረው። በወጉ ይነገራት» አሉ። ስለ መርሳት ስማር የከረምኩት እኔ እንኳ አመንኳቸው። ማመን ስለፈለግሁ ነው። የጎደለው ሥርዓት ከሆነ ይሟላል፤ የጎደለው የእናቴ ልብ ከሆነ ግን ምን አድርጌ እሞላዋለሁ?

እንግዲህ ለሁለተኛ ጊዜ መርዶ ተሰናዳ። ገና ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን እንደ ሐዘን አጣፍተው፣ ቄሱን አስቀድመው፣ በዚያ ሊፍት በሌለው ሕንጻ ደረጃ ደረጃውን እያረፉ ወጡ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዱ አባባ ግድግዳውን ተደግፈው፣ «የእኔን የራሴን መርዶ እዚሁ ታረዱልኛላችሁ» ሲሉ ሌላው፣ «ዝም በል፣ ትሰማለች» ብለው ሊሥቁ ሲሉ አፋቸውን ያዙ። እናቴ በሩን ከፈተች። ሁሉንም በየተራ ሳመች፣ ጤናቸውን ጠየቀች። የመጨረሻውን ስማ ስታበቃ እንደገና ከቄሱ ጀመረች። ሽማግሌዎቹ ግራ ቢገባቸውም አንዳቸውም አልከለከሏትም፤ ጉንጫቸውን ደግመው ሰጧት። ከዚያ አስቀመጧትና ቄሱ በቀስታ ነገሯት።

አዲስ ነበር። አያድርስ ነው፤ ሐዘኗ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ ምንም ሳይቀንስ። ደረቷን ስትመታ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ጉልበቷ ከእኔ ይበልጥ ነበር።

ቀን ላይ ጎረቤት ሰምቶ መጣ። ከሴቶቹ አንዷ ከጎኗ ላለችው፣ «ለአንዲት ሟች ስንቴ ነው ልቅሶ የምንደርሰው?» ስትል ሰማሁ። ሌላዋም፣ «አንዴ መጥተሻል፤ ዝም ብለሽ አልቅሺ» አለቻት።

ስለዚያ ቀን ግን ሌላም የምናገረው አለኝ። ሰው ሲቀል እናቴ እጄን ይዛ ስለ አክስቴ ታወራኝ ጀመር። ኩፍኝ ይዞኝ ልሞት የደረስኩ ሕፃን ሳለሁ አክስቴ አዝላኝ ሌሊቱን በቤቱ ዙሪያ ስትዞር አደረች። «ካወረድኳት ትሞታለች ብላ፣ አምጪ ብላት እምቢ አለችኝ። አንቺ የዳንሽው እሷ ጀርባ ላይ ነው» አለችኝ። አክስቴ ሙሽራ ሆና ከባሏ ቤት ሁለቴ ወደ እህቷ ጠፍታ እንደመጣች፣ እናቴም በነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ቋጥራላት እስከ ወንዙ እየሸኘች እንደመለሰቻት ነገረችኝ። ይህን ሁሉ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። አክስቴን በወጣትነቷ የሚያውቃት ሰው በዚህ አገር ከእናቴ በቀር አልነበረም። እኔም እናቴ ትከሻ ላይ ሆኜ አለቀስኩላት፤ ልቅሶውም አሳረፈኝ። አብሮኝ የሚያዝን ሰው ነበረኝ።

ሁለት ሰንበት አልቆየም። እናቴ የጓዳውን አልጋ አንሶላ እየቀየረች፣ «የእህቴ አውሮፕላን መቼ ነው የሚገባው?» አለችኝ።

ወንድሜ አልተሸነፈም። የመቃብሩ ፎቶ ይላክልን፣ ፎቶውን አሳይተን፣ ቄሱ እንደገና ይምጡና ይንገሯት አለ። ልጄ ያን ጊዜ ወታደር ነበረች፤ ለሰንበት መጥታ ሶፋው ላይ ተጋድማለች። ድንገት ቁጭ አለችና፣ «ዶድ፣ ዳይ» አለችው፤ አጎቴ፣ በቃ ማለቷ ነው። የቀረውንም በዕብራይስጥ ቀጠለች፤ ሳብታ የምትለው አያቷን ነው። «ሳብታን ስንት ጊዜ ነው የምታስለቅሷት?»

«አንቺ አያገባሽም። ይህ የእኛ ወግ ነው» አላት በአማርኛ።

«ሳብታ ደግሞ የእኔ ናት» አለችው።

«ተይው እሺ፣ አንቺ ተማሪዋ» አለ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዓመት ሲሞላ ተዝካር አለ። ቄስ ይመጣል፣ ሕዝብ ይጠራል። ድግሱ የማን ነው ስትለን ምን ልንላት ነው? ወይስ ለእህቷ ተዝካር አናውጣ?»

ወንድሜ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። እናቴ ሳታውቅ የእህቷ ልቅሶ ተንጠልጥሎ የቀረ ይመስለው ነበር። በር ላይ ቆሞ የተናገረው ነገርም እንቅልፍ ነስቶታል።

ማክሰኞ ሲመጣ ከትምህርት በኋላ መምህሯን ጠብቄ በኮሪደሩ አብሬያት ሄድኩ። በተሰባበረ ዕብራይስጤ ሁሉንም ነገርኳት፤ መርዶ ምን እንደሆነ፣ ሁለት ጊዜ እንደነገርናት፣ ሦስተኛው እየተዘጋጀ እንደሆነ። እሷም መጻሕፍቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ሰማችኝ።

«እኔ ወጣት ሳለሁ፣ የሚረሳውን ሰው ወደ ዛሬ መልሱት ብለን ነበር የምናስተምረው» አለች። «ቀኑን በትልቁ ጽፈን ግድግዳ ላይ እንሰቅል ነበር። በኋላ ደግሞ፣ አይደለም፣ እሱ ወዳለበት ሂዱ ማለት ጀመርን። እናትሽ እህቷን ስትጠብቅ ምን ትመስላለች?»

«ደስተኛ ናት። አልጋ ታነጥፋለች።»

«ስትነግሯትስ?»

«ደረቷን ትመታለች» አልኳት።

«ሐዘን ቀስ በቀስ የሚቀለው ትናንት እንዳለቀስሽ ዛሬ ስታስታውሺ ነው። እሷ ትናንትን ካጣች ሁልጊዜ የመጀመሪያው ቀን ላይ ናት» አለችኝ። ቀጥላም፣ «የእኔ እናት በመጨረሻ ዘመኗ አባቴን በሩማንኛ ትጠይቀኝ ነበር። ሥራ ላይ ነው እላታለሁ። ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነበር። ትክክል ማድረጌን እስከ ዛሬ አላውቅም» አለች። ከዚያ፣ «አንቺስ? ለአንቺ ማን አለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። አውቶቡስ ያመልጠኛል ብዬ ሸሸሁ።

ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ተሳፈረ።

በዚያው ክረምት፣ እዚህ ሰው ቃይትስ በሚለው በጋ፣ ሚሳይሉ መጣ። አዛካው፣ የማስጠንቀቂያው ጩኸት፣ ሲጮህ ከሕንጻው ሰው ሁሉ ለመጠለል ወደ ደረጃው ይወጣል። እናቴ ግን በሩን ይዛ አልወጣም አለች። «እህቴ ብትመጣና በሩ ተዘግቶ ብታገኘው?» ትላለች። ጎረቤቶች ደረጃው ላይ ተቃቅፈው ያያሉ፤ እኔ እጇን እጎትታለሁ። በመጨረሻ፣ «እሷም ታች ደረጃው ላይ ናት፤ ሁሉም እዚያ ነው ያለው» አልኳት። ወዲያው ወጣች። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሰዉን አንድ በአንድ ስታይ፣ ዓይኗ ከፊት ወደ ፊት ሲሄድ፣ ፍንዳታው ከላይ ሲሰማ እንኳ መፈለጓን አልተወችም። ያን ማየት ከጩኸቱ ይከብድ ነበር።

አንድ ዓርብም ሆነ። ሥራ ውዬ ደክሞኛል፤ መዋያው ውስጥ የአክስቴን ድምፅ የሚመስል ድምፅ ያላት አንዲት እማማ ስማኝ ነው የመጣሁት። እናቴ እንደ ልማዷ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያ የሁለተኛው መርዶ ቀን ትዝ አለኝ፤ እጄን ይዛ ያወራችኝ፣ ትከሻዋ፣ አብረን ያለቀስነው። አንድ ቃል ብናገር መልሼ አገኘው ነበር። ሽማግሌም ቄስም አያስፈልግም። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ከሰዓት ብቻ፣ ሐዘኔን የሚያውቅ ሰው ይኖረኛል። ነገ ትረሳዋለች፤ ማን ይጎዳል?

«እማ፣ አክስቴ…» አልኩ።

ዞር አለች። ፊቷ እንዴት እንደበራ ምን ልበላችሁ! «ደወለችልሽ?» አለች።

የአፌን ዋጥኩት። «መስመሩ አይሠራም ለማለት ነው» አልኳት። «እስኪሠራ ግን እስቲ ስለ እሷ አጫውቺኝ።»

«ስለ እሷ ምን አለ፤ ሰነፍ ናት» ብላ ጀመረች፣ እየሳቀች። ከብት ልታጠጣ ሄዳ ወንዙ ዳር ተኝታ እንደተገኘች፣ ከብቱ የሰው ማሳ እንደበላ፣ እናቴ በእሷ ፈንታ እንደተገረፈች ነገረችኝ። ሰንበት እስኪገባ ድረስ አወራችኝ። እኔም ሳቅኩ። ስሥቅ ግን ብቻዬን ነበርኩ፤ እሷ ስለምትመጣ ሴት፣ እኔ ስለማትመጣ ሴት ነበር የምንሥቀው። ከዚያ ዓርብ ወዲህ እንዲህ ሆነን ቀረን። ፊደል በመማሬ ያመሰገንኩት ያኔ ነው፤ ቤቴ ስገባ የነገረችኝን ሁሉ እየጻፍኩ አስቀመጥኩ። የሚያነበው አለ ብዬ ሳይሆን፣ ለአንድ ሰው መናገር ስለነበረብኝ ነው።

ለወንድሜ፣ «ሦስተኛ መርዶ አይኖርም» አልኩት። ተጣላን። ለሳምንታት በስልክ እንኳ አልተነጋገርንም፤ እናቴን ልናይ ስንመጣ ደረጃ ላይ ተላልፈን እንሄድ ነበር። ያስታረቁን ቄሱ ናቸው። አንድ ጠዋት ሁለታችንንም ጠርተው፣ «ተዝካሩ ለሟቿ ነው። ይወጣላታል፣ ይጸለይላታል» አሉ። «እህቷን በተመለከተ፣ እኔ ሁለት ጊዜ አርድቻታለሁ። በሁለተኛው ቀን ቤቴ ገብቼ እህል አልበላሁም። ሦስተኛ አትጠይቁኝ።» ወንድሜ መሬት መሬት አየ። «በእኔ ቤት ይሁን እንግዲህ፤ እሷ ሳትሰማ» አለ። «አንድ ሰው ግን ከእሷ ጋር መዋል አለበት። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲመጣ ብታይ ተነስታ ትከተላለች።»

አንድ ሰው ሲል እኔን አላየም። ማየት ግን አላስፈለገውም። መርካዝ ዮሙ ዝግ ነው፤ ልጆቹ ዕብራይስጣቸው ያደክማታል፤ ሌላ ማን አለ? ካዘለችኝ ሴት ተዝካር የምቀረው እኔ ሆንኩ።

የተዝካሩ ቀን ጠዋት ጠላና ዳቦ ወደ ወንድሜ ቤት ልኬ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ከበረንዳው ላይ ሰዎች ነጭ ለብሰው በታሃና መርካዚት፣ በዋናው የአውቶቡስ ጣቢያ፣ በኩል ከሚመጣው አውቶቡስ ሲወርዱ ይታዩ ነበርና ወንበሯን ወደ ውስጥ አዞርኩት። አሁን ቄሱ ጀምረዋል፣ አሁን ዳቦው ተቆርሷል፣ አሁን ስሟን ጠርተዋል እያልኩ በልቤ እከተላለሁ። እናቴ የማውቀውን ታሪክ ሁሉ ደግማ ነገረችኝ። እንባዬ ሲመጣ ወደ ማድቤት እሄዳለሁ፣ ውሃ ከፍቼ እመለሳለሁ።

ከምሳ በኋላ የጓዳውን አልጋ አብረን አነጠፍን። እኔ በአንድ ጫፍ፣ እሷ በሌላው። አንሶላውን በእጇ እያለሰለሰች ድንገት ቆመች። ፊቷ እንዲህ ጥርት ብሎ ካየሁት ቆይቷል።

«እኔ ነገር እየጠፋኝ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ትንሽ ትንሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ሰዉ ሲያየኝ አውቃለሁ።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እህቴ ስትመጣ፣ በአንድ ጊዜ እንዳትነግሪያት።»

«ምኑን?»

«የእኔን ነገር። እሷ ልቧ ስስ ነው። ያኔ ስንለያይ እኔ ጎበዝ ነበርኩ፤ ተሸካሚዋ እኔ ነበርኩ። አሁን ድንገት አይታኝ፣ እህቴ አርጅታ፣ ነገር ጠፍቷት ብትሰማ ትወድቃለች።» እጄን ያዘችው፤ እጇ እንደ ድሮው ጠንካራ ነው። «ቀስ እያደረግሽ። መጀመሪያ ጉልበቷን ያማታል በያት። እሱን ስትለምደው ዓይኗም ደክሟል በያት። ሌላውን በኋላ፣ ቁጭ ብላ፣ ሰው አጠገቧ ሲኖር ነው የምትነግሪያት። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ብቻሽን እንዳትነግሪያት። አንቺም የሚይዝሽ ይኑር።»

እንባዬን አየችው መሰለኝ፤ የነጠላዋን ጫፍ ሰጠችኝ። ለምን እንደማለቅስ አልጠየቀችኝም። ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ ትከሻዋ ላይ ራሴን ሳስደግፍ ተቀበለችኝ፣ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገችው።

«እሺ እማ» አልኳት። «ከጉልበትሽ እጀምራለሁ።»